ከጣውላው ስር ያለው

ውድ ጋሼ ብይ፣

ከኋላዎ እንዲህ ነበር የምንጠራዎት፤ አሁን ይወቁት። ጡረታ ወጥተው ልጅዎ ጋ ከገቡ ወዲህ ስንት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሱም። እንግዲያው ንዴቴን በጽሑፍ ይቀበሉኝ።

ነገሩ በመምህርነት ቦታዎን ስይዝ ያስረከቡኝ ጣውላ ነው። መቼም አይረሱትም፤ ሁለት ሰፋፊ ጣውላዎች ተደራርበው፣ በመሃላቸው ብይ የሚያሳልፍ ክፍተት፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ ማንም የማያየው የተጣበቀ እንጨት። ብይ እናንከባልላለን፣ የገባበትንና የወጣበትን ወረቀት ላይ እናሰምራለን፣ ከዚያ የተደበቀውን ቅርጽ እንስላለን። የአቶም ውስጥም የታወቀው እንዲህ ነው ይሉን ነበር። አንዱ ሳይንቲስት አቶም ዘቢብ እንደተበተነበት ዳቦ ነው አለ። የገዛ ተማሪው ደግሞ በስስ የወርቅ ቅጠል ላይ ጥቃቅን ቅንጣቶችን አስወነጨፈ። አብዛኞቹ ቀጥ ብለው አለፉ፤ ጥቂቶቹ ግን ወደመጡበት ተመለሱ። ዳቦ ቢሆን ማን ይመልሳቸው ነበር? መሃሉ ላይ ትንሽዬ ጠጣር ነገር መኖሩ በዚህ ታወቀ። «ተማሪ መምህሩን ያረመው እንዲህ ነው» እያሉ ጠረጴዛውን ሲመቱት ጠመኔው ይዘል ነበር።

ዘንድሮ አንዲት ተማሪ አለችኝ። ዝምተኛ ናት፣ ግትርነቷ ግን ለጉድ ነው። ሌሎቹ ሃያ ጊዜ አንከባለው ሲሰለቹ እሷ ሁለት መቶ ጊዜ አንከባለለች። ከዚያ ሁለት ቅርጾች ሳለች፤ በመሃላቸው ጠባብ መተላለፊያ። እርስዎ የተዉልኝ የመልስ ወረቀት «አንድ ሦስት ማዕዘን» ይላል። የልጅቷን ሥዕል በቀይ ሰረዝኩት። በዚያች ማርክ ምክንያት የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍል መግቢያ ነጥቧ ጎደለ። ወደዚያ ክፍል የሚያልፉት ተማሪዎች ዝርዝር ዓርብ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ መግባት ነበረበት።

ልጅቷ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ወረቀቷን ይዛ መጥታ በመሃል በኩል ቀጥ ብለው ያለፉትን ዘጠኝ መስመሮች አሳየችኝ። ሦስት ማዕዘን ከሆነ እነዚህ በየት አለፉ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ብዬ መለስኩላት መሰለዎት? መልሱ ወረቀቱ ላይ አለ አልኳት። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ረቡዕ ከሰዓት ክፍሉን ዘግቼ ራሴ አንከባለልኩ። ብዩ በመሃል አለፈ። ደገምኩ፣ አለፈ። ብዩ ላይ ተናደድኩ፣ ይሄን ያህል ነው የደነዝኩት። ተነስቼ የዕቃ ክፍሏ ሴትዮ ጋ ሄድኩና ጣውላውን ማን እንደሠራው ጠየቅኳት። ጣውላውም የመልስ ወረቀቱም ከእርስዎ በፊት ከነበሩት መምህር የመጡ ናቸው አለችኝ። እርስዎም እንደመጣልዎት ነው የተረከቡት፤ አንድም ቀን ሲያንከባልሉ አላየችዎትም።

እርር ድብን ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ «ሞክሩ፣ መርምሩ» ብለው ሲሰብኩን ኖረው አንዲት ብይ ማንከባለል እንዴት አቃተዎት? እኔስ ብሆን? አስራ አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ወረቀት እያየሁ ነው ያረምኩት።

አንድ ያልነገርኩዎት ነገርም አለ። ተማሪዎ ሳለሁ እኔም መጀመሪያ የሳልኩት ሁለት ቅርጽ ነበር። በትከሻዬ በኩል አጎንብሰው አዩና «እስቲ ደህና አድርገሽ እዪው» አሉኝ። ደህና አድርጌ ያየሁት ግን የእርስዎን ፊት ነው። ላጲስ አንስቼ አጠፋሁና ሦስት ማዕዘን ሳልኩ። ሙሉ ማርክ ሰጡኝ፤ እኔም በደስታ የት እንዳደርኩ አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት መፍቻ ይዤ ክፍል ገባሁ። ከፍተን እንየውና ይለይለት አልኳቸው። ልጅቷ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«አይክፈቱት፣ ቲቸር» አለች። «ከከፈቱት የሚያምኑት እንጨቱን ነው፤ እኔን አይደለም።»

መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና መስመሮቿን አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ አሰመርኩ። ክፍሉ ሁሉ እያየ ቀዩን አጥፍቼ ማርኳን ሰጠኋት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ስል አንዱ ከኋላ ሳቀ፣ ይሳቅ። ዝርዝሩ ዛሬ ገብቷል፤ የልጅቷ ስም አለበት።

ጣውላውን አልከፈትኩትም፣ አልከፍተውምም። የመልስ ወረቀቱን ግን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ፤ የወደዱትን ያድርጉት። ባልወድዎት ኖሮ ይሄን ያህል አልበግንም ነበር፤ ይሄንንም ይወቁት።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ስልኩን ባያነሱም እስክሪብቶ ያንሱና ያን የድሮ ማርኬን ይቀንሱልኝ።

ትክክለኛውን በላጲስ አጥፍታ ሙሉ ያገኘችው ተማሪዎ