ከፊልሙ ላይ ስለጠፋው ስምዎ

ለተከበሩ አቶ መኩሪያ መዝገቡ፣
የፊልም ሥነ ምግባር ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
አዲስ አበባ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ ይልቁንም ስለ እንቅልፍዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እኔ በሀይሌ ጋርመንት አደባባይ አጠገብ ብረታ ብረት ቤት ያለኝ በያጅ፣ የሟቹ የሚሳኤል ታከለ ሚስት ዘነቡ ይርጋ፣ እርስዎ ለፊልም ሠሪዎች ሥነ ምግባር እንዲያስተምሩ መሾምዎን በሬዲዮ ስሰማ ደስታዬን አፍኜ መያዝ ስላልቻልኩ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ጽፌልዎታለሁ። የሀገራችን ሰው ሥጋ ለጅብ አደራ አይሰጥም ይላል፤ እኔ ግን ከእርስዎ ፊልም ወዲህ ጅብ የሚለውን ቃል ስለምጠነቀቅበት ተረቱን ትቼዋለሁ።

አንደኛ፣ በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት ስድስት ባልደረቦችዎን አስከትለው ቤታችን ድረስ መጥተው፣ ለፊልምዎ እውነተኛ ቀጥቃጭ ሲፈልጉ ባለቤቴን ስለመረጡልን አመሰግናለሁ። ሚሳኤል የጎንደር ቤተ እስራኤል ልጅ ነው። የአባቱን ወናፍ ካኖረበት አውጥቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ቀኑን ሙሉ ማረሻ ሲቀጠቅጥልዎ ዋለ። ለድካሙ የጠየቀዎት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በፊልሙ መጨረሻ ስሙ ከነአያቱ እንዲጻፍለት። ቤት ሲገባ «ዘኒ፣ ዛሬ አክተር ሆኜልሽ ዋልኩ» አለኝ፤ ከደስታው ብዛት ጥርሱ አልከደን ብሎት ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥበብዎ። የሚሳኤልን ፊት አቅርበው ቀርጸው የጅብ ድምፅ አለበሱት። የዘማቹን ውኃ የሚመርዝ፣ ለጠላት ወሬ የሚያቀብል፣ ሕፃን በዓይኑ የሚበላ ቡዳ አደረጉት። ተራኪዎም በዚያ በሚያምር ድምፃቸው፣ ጌታ የተቸነከረበትን ምስማር የቀጠቀጡት የእሱ ዘመዶች መሆናቸውን አበሠሩን። እኔ ማርያምን ብዬ የምምል ክርስቲያን ነኝ፤ አሥራ አራት ዓመት ከጎኑ ስተኛ አንድም ቀን ጅብ ሲሆን አላየሁትም። ምናልባት እንቅልፋም ስለሆንኩ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ፊልሙን ፉሪ ሜዳ ላይ በትልቅ ስክሪን ለሕዝቡ በነፃ ስላሳዩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን ሕፃን ታመመ። ፊልሙን ያዩት ሰዎች ተሰብስበው መጡና ሚሳኤልን ከሥራ ቤቱ ጎትተው አወጡት። በገዛ ፌሮው ሁለት እጆቹን ሰባበሩ። ሕፃኑን አምጥተው ፊት ለፊቱ ይዘው «ትፋበት! ልቀቀው!» እያሉ በገዛ መዶሻው አፉን መቱት። እሱም ሕፃኑ የሚድን መስሎት ሊተፋ ሞከረ፤ የወጣው ግን ደምና ጥርስ ነበር። የአባቱን ወናፍ ቀዳደው በላዩ ላይ አቃጠሉት። የስምንት ዓመት ልጃችን ቲና ይህን ሁሉ በመስኮት አይታለች። ሕፃኑ የሳንባ ምች ነበረበት፤ በመርፌ ዳነ።

ክቡርነትዎ፣ አንጀቴ አርሯል። እንዲህ በትሕትና የምጽፍልዎ ትሕትናውን ከለቀቅኩት የማደርገውን ስለማላውቅ ነው።

አራተኛ፣ በእጃቸው የገደሉት ተፈርዶባቸዋል። እርስዎ ግን ፍርድ ቤት ለምስክርነት ቀርበው፣ የታዘዙትን ብቻ እንደሠሩ፣ ጊዜው የጦርነት እንደነበረ፣ ተመልካች ለሚያደርገው ፊልም ሠሪ እንደማይጠየቅ በእርጋታ አስረዱን። ከዚያም ወዲያ ትልቁን ጥበብ ሠሩ። ፊልሙ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ ነገር ግን የእርስዎ፣ የደራሲው፣ የካሜራ ባለሙያው፣ የተራኪው፣ ባጠቃላይ የሰባታችሁም ስም ተቆርጦ ወጥቷል። መጨረሻው ላይ ስክሪኑ ይጠቁርና አንድ መስመር ብቻ ይመጣል፤ «ቡዳው፦ ሚሳኤል ታከለ ፈረደ»። ያየ ሰው ያን ሁሉ ፊልም እሱ ብቻውን የሠራው ይመስለዋል።

ዛሬ ቲና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። መምህሩ ስም ሲጠሩ «ቲና ሚሳኤል ታከለ» ካሉ ክፍሉ በጅብ ጩኸት ይሞላል። ባለፈው ወር እንባዋን እየጠረገች የአባቷን ስም እንድቀይርላት ለመነችኝ። ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው፤ ልጄ የአባቷን ስም ከምትጥል፣ እርስዎ የጣሉትን የራስዎን ስም አንሥተው ፊልሙ ላይ መልሰው ይጻፉት።

የጥበብዎን ውጤት በገዛ እጄ አጥቤ የገነዝኩ፣ ረጅም ዕድሜና ጥሩ የማስታወስ ችሎታ የምመኝልዎ፣
ዘነቡ ይርጋ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለኮሚቴዎ አዲስ ጽሕፈት ቤት የብረት በር ሲያስፈልግ፣ ጸሐፊዎ የማን ቤት እንደሆነ ሳያውቁ እኔ ዘንድ አሠርተዋል፤ ዛሬ ጠዋት ገጥመንልዎታል። ላሜራው ድርብ ስለሆነ ፊልም ያየ ሕዝብ ቢመጣብዎ ይመክታል፤ ሚሳኤል እንዲህ ያለ በር አልነበረውም። በሩ የተሸፈነበትን ፕላስቲክ ሲገፍፉት የሰባታችሁን ስም ከነአያታችሁ በብየዳ ተጽፎ ያገኙታል፤ የእርስዎ ከሁሉ በላይ ነው። ቀለም ቢያስቀቡትም ይነበባል። ፊደሎቹን በጠመኔ የነደፈችልኝ ልጄ ናት፤ ሥራ የሠራ ሰው ስሙን አይደብቅምና ከታች የራሷን ጽፋለች። ቲና ሚሳኤል ታከለ ይላል።