አምኛለሁ፤ እባክዎ በሩን ይክፈቱልኝ

ለተከበሩ የሕፃናት ጤና መድን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቅስቀሳ መኪናዎ ድምፅ ማጉያ ሳይደክምና ሳይቆራረጥ ውሎ እንዲያድር፣ እርስዎም ሆኑ የልጅ ልጆችዎ ትንፋሽ ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ ማወቅ ሳያስፈልጋችሁ ረጅም ዘመን እንድትኖሩ ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለችው ጠባብ ሱቅ የምሠራ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ደንበኛ አስቀምጬ ቀና ባልኩ ቁጥር በርዎን በመስታወቴ ውስጥ ስለማየው፣ በሩ ስለ መከፈቱና ስለ መዘጋቱ ከእኔ የተሻለ ምስክር አያገኙም። ሰባት ዓመት የሆናት ልጅ አለችኝ፤ ከወሬዋ ብዛት የተነሳ ወፊቱ እንላታለን። አስም አለባት። ደረቷ ሲዘጋ ወሬዋ ይቆማል፤ እኔም እንደ እሷ ዝምታ የምፈራው ነገር የለም። ይህን ካወቁልኝ ምስጋናዬንና ጥቂት ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ቅስቀሳው እጅግ አመሰግናለሁ። መኪናዎ «ወላጆች ሆይ! ሳይቃጠል በቅጠል! ልጆቻችሁን ሳይታመሙ አስመዝግቡ!» እያለ ሲያልፍ፣ ሌሎች አባቶች ጆሮ ዳባ ልበስ ቢሉም እኔ በመጀመሪያው ቀን አመንኩ። ማሽኔን አጥፍቼ፣ ሱቄን ለጎረቤቴ ለጫማ ሰፊው አደራ ሰጥቼ፣ የልጄን የልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶዋን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። በሩ ተዘግቷል። ጥበቃው አባት በታላቅ ትሕትና «ሁሉም ቅስቀሳ ወጥተዋል ልጄ፤ ሰው አልመዘገብም ብሎ አስቸገራቸውኮ» አሉኝ። በማግስቱም ወጥተዋል፤ ከዚያም በኋላ ወጥተዋል። ቀስቃሾቹና መዝጋቢዎቹ እነዚያው ሰዎች መሆናቸው የገባኝ ያኔ ነው። ሰው ስለማይመጣ ይወጣሉ፤ ስለሚወጡ የመጣው ሰው ይመለሳል፤ ሰው እንዳልመጣ ተቆጥሮም ሌላ መኪና ይጨመራል። ቅጠሉን ይዘን መጥተን ነበር ክቡር ሆይ፤ የሚቀበለን ነው ያጣነው።

ሁለተኛ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ አንድ ቀን መኪናዎ በደጄ ሲያልፍ የደንበኛዬን ራስ ግማሹን ላጭቼ ግማሹን እንዳለ ትቼ፣ ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ በሩጫ ተከተልኩት። (ደንበኛዬ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም።) ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ደረስኩበት። ማይክሮፎን የያዘችው ወጣት ሠራተኛዎ ደስታዋን ቢያዩት! «እህቴ፣ እኔ አምኛለሁ፤ እባክሽ መዝግቢልኝ» ስላት፣ «እንደ እርስዎ ዓይነት አባት ነው የምንፈልገው!» ብላ ማይክሮፎኑን አፌ ላይ ደገነችው። ደንግጬ «እኔ ልጄን አስመዘግባለሁ፤ እናንተም አስመዝግቡ» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ቅጹ ያለው ቢሮ ስለሆነ ግን ነገ እንድመጣ በትሕትና ተነገረኝ። በማግስቱ ሁሉም ወጥተው ነበር፤ በዚህ ጊዜ የእኔን ድምፅ ቀድተው ይዘው።

ይኸው ከዚያ ወዲህ እኔ ሱቄ ውስጥ እያለሁ ድምፄ በየመንደሩ ይዞራል። ወላጆችን እመክራለሁ፣ እማጸናለሁ፣ አንዳንዴም በዜማ ታጅቤ አልፋለሁ። ጫማ ሰፊው «አንተማ ተገላገልክ፣ እኛ ነን የቀረነው» እያለ ይቀናብኛል። ላስረዳው ብሞክር ቀልድ መሰለው።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ሳምንት ወፊቱ ከትምህርት ቤት መጥታ ሱቄ በር ላይ ቆመችና ዝም አለች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከአንገቷ ሥር ያለው ቆዳ በተነፈሰች ቁጥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል። አቅፌያት ሮጥኩ። መንገዱ አላልቅ አለኝ። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ባለሙያዎቹ ፊቷ ላይ ጭምብል አድርገው በእንፋሎት የሚሰጠውን መድኃኒት ሰጧትና ተመለሰችልኝ፤ ፈጣሪ ይስጣቸው። ሲጀምራት በአፏ የምትስበውን፣ ቤት የሚቀመጠውን መድኃኒት እንዲሰጡኝ ስለምን ግን፣ ከገበያ ስለጠፋ ያለው ጥቂቱ የመድን ካርድ ላላቸው ልጆች ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ነርሷ ስለምናቸው ሰምታ ቀና አለችና «ውይ! የመኪናው አባት አይደሉ እንዴ? ድምፅዎን ለየሁት! ታዲያ ካርድዎስ?» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ ምን ብዬ ልመልስላት?

አራተኛ ቅሬታ የለኝም፤ የቀረኝ ፍርሃት ብቻ ነው። ምዝገባው በወሩ መጨረሻ ተዘግቶ የሚከፈተው በዓመቱ እንደሆነ ያው መኪናዎ ነግሮናል። ልጄ ስትስቅ እፈራለሁ፣ ሳቋ ወደ ሳል ይዞራልና። የቆረጥኩት ፀጉር እንዳይነካት ልብሴን ደጅ አራግፌ፣ ታጥቤ ነው የማቅፋት። እናቷ ምንጣፉን አውጥታ ጥላለች፤ ድስት ከመጣዷ በፊት መስኮት ትከፍታለች። ስለሚቀጥለው ጊዜ ግን አንነጋገርም፤ እሷም እኔም እንፈራለን።

ስለዚህ በታላቅ አክብሮት የምለምንዎ ቅስቀሳው እንዲቀር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ድፍረት ከእኔ አይጠበቅም። ከሠራተኞችዎ መካከል ንግግር የማይሆንለት፣ ድምፁ የሰለለ፣ ሰው ማሳመን ከቶ የማይችል አንድ ሰው ቢገኝ፣ እሱን ብቻ ቢሮ አስቀምጠው እንዲወጡልን ነው። እስክሪብቶ ከሌለው እኔ አመጣለሁ።

በርዎን በመስታወት ውስጥ ጠዋትና ማታ በአክብሮት የሚጠባበቀው፣ የራሱን ልጅ ሳያስመዘግብ የሰውን ልጅ እንዲያስመዘግብ የተሾመው፣ ትሑት አገልጋይዎ፣
ፀጉር አስተካካዩ

ከፊርማዬ በኋላ፦ ትናንት መኪናዎ ሲያልፍ ወፊቱ ድምፄን ሰማችና «አባዬ፣ ተመዘገብኩ ማለት ነው? ከእንግዲህ አያመኝማ?» አለችኝ። ዓይኗን አይቼ «አዎ» አልኳት። ድሮ ያመኛል ብላ ጥግ ይዛ ልጆቹን ታይ የነበረችው ልጅ፣ ከትናንት ጀምሮ አብራቸው ትሮጣለች። በዚህ ሁሉ ቅስቀሳ ያለ አንዳች ጥርጥር ያመነችልዎ እሷ ናትና እንኳን ደስ አለዎ። እባክዎ መዝጋቢ ይላኩልን። እሱ ካልተቻለ ደግሞ፣ ከእነዚያ አንደበተ ርቱዕ ቀስቃሾችዎ አንዱ ይምጣና እንዳትሮጥ ይንገራት። እኔ አልቻልኩም።