ቢተው ሆይ፣ በጭቃ ቁልቁለት ፍሬን ሞተር እንዳትይዝ

ለውድ ወንድሜ ለቢተው፤

ከአገር ርቀህ በአሰብ ሐሩር የምትንገላታው ወንድሜ፣ እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? ሙቀቱስ እንዴት አደረገህ? ባለቤትህ አልታዬስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛም ደህና ነን ብዬ እንዳልጽፍ እጄ እምቢ አለኝ።

መርዶ በወረቀት እንደማይነገር ጠፍቶኝ አይደለም። ሰው ማልዶ በር ተንኳኩቶ፣ ዘመድ ግራ ቀኙን ይዞት ነው የሚረዳው። ግን አሰብ ላይ ማን አለን? ሰው እስክንልክ ብንጠብቅ ደግሞ፣ በነሐሴ የእርዳታ እህል ጭኜ እመጣለሁ ብለሃልና መኪናህ ይቀድመናል። አብሽር፣ ቁጭ ብለህ አንብበው። የእህታችን የበለጡ ባል ሞላ፣ አንተ መሪ ያስጨበጥከው ሞላ፣ በሰኔ ሚካኤል ማግስት ዐረፈ። በመሠረተ ትምህርት የለቀምኳት ፊደል ለዚህ ዋለች።

እህሉን እዚሁ አራግፎ ባዶውን ወደ ደሴ ሲመለስ ነው። በሌላ መኪና ከኋላው ይከተል የነበረው ሹፌሩ ካሳ ለቅሶ ላይ እንደነገረን፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር፤ አቀስታ ሳይደርሱ ያለው ቁልቁለት ቅቤ የተቀባ መስሏል። ሞላ እንደ ልማዱ ያንን የሞተሩን ጭስ አፍኖ መኪናውን የሚያዘገይ፣ ፍሬን ሞተር የምትሉትን ያዘ። ጎማው መሽከርከሩን ሲተው የመኪናው ጀርባ ዞረና ገደል ገባ። ሞላ ሁልጊዜ፣ «ቢተው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሞተርን እንደ ዳዊት አትለየው ብሎኛል» ይል ነበር። ልወቅስህ አይደለም። ካሳም፣ ለባቲ ቁልቁለት፣ ለደረቁ መንገድ ቃሉ እውነት ነው፣ የእግር ፍሬኑ እንዳይግል ያግዛል ብሏል። ጭቃ ግን ሌላ ነው።

ከበቅሎ በቀር ምንም ነድታ የማታውቅ ሴት ሹፌር ላስተምር ስትል ሳቅባት፤ ብቻ ስማኝ። ካሳን እያስደገምኩ ነው የያዝኩት። ፍሬን ሞተር የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነው፤ ባዶ መኪና ደግሞ ጀርባው ስለሚቀል ቶሎ ይንሸራተታል። ቁልቁለቱን ሳትጀምር ከላይ ሆነህ ከባድ ማርሽ አስገባ፤ ፍሬን ሞተሩን ተወው፤ የእግር ፍሬኑንም ቀስ እያልክ ንካው እንጂ አትርገጠው። ረስተህ ፍሬን ሞተሩን ይዘኸው ጀርባው መሄድ ከጀመረ ቶሎ ልቀቀው። በቅሎም እኮ ጭቃ ላይ ልጓሟን ድንገት ብትስባት በኋላዋ ትቀመጣለች። ከሁሉ የሚሻለው ግን መንገዱ እስኪጠነፍፍ አቁሞ ማደር ነው። «ፈራ» የሚልህ ካለ ይበል፤ ሞላን ፈሪ ያለው ሰው አልነበረም።

በለጡ ጥቁሯን ለብሳ ደጃፍ ላይ ትውላለች። የመኪና ድምፅ ስትሰማ ብድግ ትላለች፣ ከዚያ መልሳ ትቀመጣለች። ልጽፍለት ነው ብላት፣ «ይምጣና አብሮኝ ያልቅስ፤ መኪናውን ከላይ ትቶ በእግሩም ቢሆን ይምጣ» አለችኝ።

አልታዬን ሰላም በልልኝ፤ ደብዳቤውንም አንብብላት፣ እሷም ትስማው። ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ባለቤቴ አሻግሬ ሰላም ብሎሃል። እናታችን ጉልበቷን እያመማትም በጸሎቷ ታስብሃለች። በዚህ መንገድ እንደምትመጣ ግን አልነገርናትም፤ ስትደርስ ታይሃለች።

እህትህ አበዛሽ
መካነ ሰላም፣ ሐምሌ 2 ቀን 1977 ዓ.ም.