ድንጋይ የተሸከምንባቸው እኅታችን፦ የወይዘሮ እስከዳር አስናቀው የሕይወት ታሪክ

እኅታችን ወይዘሮ እስከዳር አስናቀው ከአባታቸው ከአቶ አስናቀው መዝሙርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሐረገወይን ባምላክ፣ በጃናሞራ ወረዳ መካነ ብርሃን አጠገብ፣ ግንቦት 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። የመጨረሻው ይህን የምጽፈው እኔ፣ ወንድማቸው ዳኛው አስናቀው ነኝ።

በአራት ዓመታቸው የልጅነት ልምሻ ይዟቸው ቀኝ እግራቸው ሰለለ። ያን ጊዜ ጎረቤቱ አባታችንን «አያ አስናቀው፣ ይችስ የእግዜር እንግዳ ናት፤ ከቤት ትዋል» እያለ ይመክር እንደነበር ታላላቆቼ ነግረውኛል። ምክሩ ክፋት አልነበረበትም። እኅታችንን ዕድሜ ልካቸውን ሲጎዳቸው የኖረው አዛኝ ሰው ነው። አባታችን ግን ምክሩን አልሰሙም። በ1974 ዓ.ም. በበቅሎ አሳፍረው እስከ መኪናው መንገድ አመጧቸውና ጎንደር ከተማ ለምትኖረው አክስታችን አስረከቧቸው። በምርኩዝ እየተመላለሱ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሩ፤ ቀጥሎም የልብስ ስፌት ሠለጠኑ።

በ1988 ዓ.ም. አዘዞ ውስጥ የተማሪ ደንብ ልብስ በሚሰፋ ቤት ተቀጠሩ። መርገጫውን መርገጥ ስለማይችሉ በእጅ የሚዞር መኪና ተሰጣቸው። የሚያስረክቡት ልብስ ከማንም አያንስም ነበር፤ ሌሎች ያጣመሙት ኮሌታም ተፈቶ የሚቃናው በእርሳቸው እጅ ነው። የሚከፈላቸው ግን የባልደረቦቻቸው ግማሽ ነበር።

በ1993 ዓ.ም. ከግንበኛው ከአቶ ታከለ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልጃቸውን ፋሲካን በ1995 ዓ.ም. ወለዱ። አቶ ታከለ በ2000 ዓ.ም. ስላረፉ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ።

የስፌት ቤቱ ባለቤት አቶ ሐብተ ማርያም ደግ ሰው ይባሉ ነበር፤ ደግም ነበሩ። በዓመት በዓል ዘይት ይልካሉ፤ መስከረም ሲጠባ ለፋሲካ ደብተር ይገዛሉ። ለእኅታችን የሚሰጡትን ግን ደመወዝ ብለውት አያውቁም። «ለነፍሴ የማደርገው ነው» ይሉ ነበር። እኛም ቤተሰቦቻቸው አፋችንን ሞልተን እንደዚያው እንል ነበር።

በ2004 ዓ.ም. እኅታችን በደመወዝ ቀን፣ በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ እኩል እንዲከፈላቸው ጠየቁ። አቶ ሐብተ ማርያም «እናቴ፣ እኔ እኮ ለጽድቅ ብዬ ነው ያስጠጋሁሽ» አሏቸው። እርሳቸውም «ጋሼ፣ ጽድቁን ለደጀ ሰላም ያድርጉት፤ እኔን የሠራሁበትን ይክፈሉኝ» ብለው መለሱ። ይህ ቃል ከአዘዞ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሳይመሽ ጎንደር ቤታችን ደረሰ።

አጎታችን ሰውአገኝ «ያጎረሳትን እጅ ነከሰች! ያን የመሰለ ሸጋ ሰው አስቀየመችብን» ብለው ተቆጡ። ሁላችንም አብረን ተቆጣን። በአገራችን ልማድ በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳዩ ደጅ ይቆማል። እኛም እኅታችንን አንድ ቃል ሳንጠይቅ ሽማግሌ ይዘን አቶ ሐብተ ማርያም ደጅ ሄድን። ድንጋዩን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው ደንግጠው ድንጋዩን ከትከሻዬ አወረዱና፣ ጠላ አስቀድተው ይቅር አሉ። ትልቅ ሥራ የሠራን መስሎን እየተመራረቅን ተመለስን። ለእኅታችን ግን አልነገርናቸውም።

እርሳቸው ለካ ክስ አቅርበው ኖሯል። ጉዳዩ በሚሰማበት ቀን እኔም ምርኩዛቸውን ልይዝላቸው አብሬ ሄጄ ነበር። የአሠሪው ጠበቃ ተነሥቶ «ይህ ጉዳይ በሽምግልና አልቋል፤ የገዛ ወንድማቸው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠይቆላቸዋል» አለ። እኅታችን ነገሩን መጀመሪያ የሰሙት እዚያ ነው። እውነት ነው ወይ ተብለው ሲጠየቁ ወደ ኋላ ዞረው አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ክሱም ውድቅ ሆነ።

ከአዳራሹ ስንወጣ «ምነው ዳኛው? ሸክሙ ሲከብድህ እንኳ እኔን አላሰብኸኝም?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ አንስተው አያውቁም። ለልጆቼ ክርስትና ልብስ ሰፍተው መጡ፤ እናታችን ስታርፍም ከሁላችን ቀድመው ደረሱ።

ይግባኝ ብለው በተከራከሩ ጊዜ ከእኛ ወገን አንድ ምስክር አልቆመላቸውም። የቆሙላቸው ወይዘሮ ጥሩ የሚባሉት፣ አጠገባቸው የሚሰፉት ባልደረባቸው ናቸው። ከሥራ እባረራለሁ ሳይሉ «የምንሰፋው አንድ ልብስ ነው፤ የእኔን ኮሌታ የምታቃናው እሷ፣ ግማሹን የምትወስደውም እሷ» ብለው መሰከሩ። በ2006 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ እኩል ይከፈላቸው ብሎ ወሰነ። ከእርሳቸው በኋላ የተቀጠረችው፣ መስማት የተሳናት ኤልሳቤጥ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ሙሉ ደመወዟን አገኘች።

እኛስ? በየሠርጉና በየተዝካሩ «አዘዞ ላይ ተሟግታ የረታችው የእኛ ልጅ ናት» ማለት ጀመርን። ይቅርታ ሳንጠይቃቸው ክብራቸውን ተካፈልን። ለአሠሪው ደጅ ድንጋይ ያነሣን ሰዎች ለእኅታችን ደጅ ጠጠር አላነሣንም። ይህን ስጽፍ አፍሬአለሁ፤ ሲነበብም አብረውኝ የሄዱት እንዲያፍሩ እፈልጋለሁ።

ወይዘሮ እስከዳር ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት ያህል በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በ50 ዓመታቸው፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስጽፈው «በ2004 ዓ.ም. በሥራ ቦታቸው መጠነኛ ችግር ገጥሟቸው» ብዬ አልፌው ነበር። በጠዳ መምህርት የሆነችው ልጃቸው ፋሲካ አንብባ መለሰችልኝ። «አጎቴ፣ ችግሩ ስም አለው። ካልጻፍኸው በእናቴ ሬሳ ፊት አታነብም» አለችኝ። ልክ ናት።

በእንዲህ ያለ ጽሑፍ መጨረሻ «ጥለውን ሄዱ» ማለት ልማድ ነው። እኔ ይህን አልጽፍም፤ ቀድመን የጣልናቸው እኛ ነን። ከኋላቸው የቀሩት ልጃቸው ፋሲካ ታከለ፣ ባልደረቦቻቸው ወይዘሮ ጥሩና ኤልሳቤጥ፣ በመጨረሻም እኛ ወንድሞቻቸው ነን። ተራችን መጨረሻ የሆነው በስሕተት አይደለም።

የሠራተኛን ድካም የማይዘነጋ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ ከወዳጆቹ ማደሪያ ያግባልን፤ ለቀረነውም በጊዜ ማፈርን ያድለን። አሜን።