ቁልፍ የሌለው ኮት

ቶሮንቶ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለውድ አማቴ፣

ክረምቱ እንዴት አድርጎ አከረመዎት? በዝናቡ ጉልበትዎ እንደባሰበት አብራዎት የምትኖረው ፅጌረዳ ነግራኛለች። እርስዎን ስጠይቅዎ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ስለሚሉኝ በዚህ ነገር ከእርስዎ ይልቅ እሷን አምናለሁ። የላክሁት ቅባት ደረሰ? ዓይንዎስ እንዴት ነው? ፊደሉን ተለቅ ተለቅ አድርጌ የጻፍኩት መነጽርዎን አድርገው ለብቻዎ እንዲያነቡት ብዬ ነው። ፅጌረዳን እንደ እህቴ ነው የማያት፤ ነገር ግን ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ለቤቱ ሁሉ ስለምታሰማው ይህን በስልክ ልነግርዎ አልቻልኩም። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ባሌን ሰላሙን መቃብሩ ድረስ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ሣሩን በደንብ ያጭዱለታል።

ፅጌረዳ ባለፈው ሳምንት ደውላ አለቀሰች። ሰፈሩ ሊፈርስ እንደሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮውን ነቅሎ እንደሄደ፣ ውሃውም እንደተቆረጠ ነገረችኝ። ኮንዶሚኒየሙ ደርሶዎት ቁልፉን እንኳ አልቀበልም ማለትዎን ሰማሁ። «ራጉኤል ሲመጣ የሚያውቀው ይህን በር ነው» አሉ አሉ። በሩንም እንደ ልማድዎ ሳይቆልፉ ያድራሉ፤ ያውም ባዶ ሰፈር ውስጥ። «እሷ የምትሰማው ያንቺን ቃል ነው፤ አንቺ ንገሪያት» አለችኝ።

ለምን የኔን ቃል እንደሚሰሙ ሁላችንም እናውቃለን። በደርጉ አሰሳ ጊዜ ልጅዎን ራጉኤልን መጨረሻ ያየሁት እኔ ነኝ። ከአጥሩ ማዶ ቆሜ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በወንዙ በኩል ወረደ ብዬ የነገርኩዎት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ነገር መልስ ከመስጠቴ በፊት ግን ስለምሠራበት ቤት ልንገርዎት። ትዕግሥት ያድርጉልኝ፤ መንገዱ ዞሮ እርስዎ ጋ ይደርሳል።

ከምኖርበት ከሴንት ጄምስ ታውን በባቡር፣ ቀጥሎም በአውቶቡስ ኖርዝ ዮርክ እሄዳለሁ። እዚያ አንዲት ከሆንግ ኮንግ የመጣች አሮጊት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒቷን እሰጣለሁ። ሁሉም ፖፖ ይላታል፤ አያት ማለት ነው። በዕድሜ እርስዎን ታህላለች። አንቺ እያልኩ መጻፌን በነውር አይቁጠሩብኝ፤ ገና ከመጀመሪያው ቀን አንቱ ለማለት ልቤ አልፈቀደም።

ምክንያቱ ይህ ነው። በሩን እንደገባሁ፣ ጫማ ከሚወለቅበት ቦታ ጎን፣ ወለሉ ላይ አንድ ትንሽ ቀይ ሣጥን ተቀምጧል። ፊቱ ብርቱካን ተደርድሮለታል፤ ሻይም በትንንሽ ሲኒ ተቀድቶለታል። ከምድጃው በላይ ሌላ አለ። ሳሎን ውስጥ ደግሞ ትልቁ። ቆሌ ያለበት ቤት ገባሁ ብዬ አማተብኩ። እሷ ጠዋት ጠዋት እንደ ክር የቀጠነ የሚጤስ እንጨት አብርታ ወደ ግንባሯ ከፍ ታደርግና ጎንበስ ትላለች። ከዚያ መናገር ትጀምራለች። የምትጸልይ ሰው አትመስልም፤ የምትጨቃጨቅ ነው የምትመስለው። ልጇን ሊንዳን ምን እያለች ነው ብዬ ጠየቅኋት። የበሩን ጌታ፣ አውቶቡሱ ዘገየ፣ ያቺ ሐበሻ በብርድ ቆማለች፣ አንተ ግን ዝም ብለህ ትበላለህ እያለችው ነው አለችኝ። ስለ እኔ ለዚያ ሣጥን መንገሯን ጨርሶ አልወደድኩትም።

ወደ ማታ፣ ልወጣ ስል፣ ከሣጥኑ ፊት ብርቱካን ታነሳና «ኢት፣ ኢት» እያለች ቦርሳዬ ውስጥ ትከተዋለች። ሰፈሬ ስደርስ ወደ ቆሻሻ መጣያው እወረውረዋለሁ። ጎረቤቴ ቆንጂት ጴንጤ ናት፤ ስወረውር አየችኝና ሳቀች። «በልተሽው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ በቻይንኛ ትለፈልፊ ነበር» አለችኝ። ደግሞ ጨምራ፣ «እናንተ ከዝክርና ከጠበል ጠዲቅ ሌላ ምን ታውቃላችሁ፣ ሂጂና ተቀላቀያቸው» አለችኝ። በቀልድ ነው ያለችው፤ እኔ ግን ነገሩን እያሰላሰልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

የፖፖ መዝገብ ላይ፣ ሃይማኖት በሚለው ቦታ፣ «ታኦይስት» የሚል ተጽፏል። እርስዎ እንደሚያውቁት ትምህርቴን በአጭሩ ባቆምም መጽሐፍ አልጠግብም። ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለዚሁ ሃይማኖት የሚያወራ መጽሐፍ ተዋስኩና ከመዝገበ ቃላት ጋር እየታገልኩ ጨረስኩት። ስለ መንገድ ያወራል። ስለ ውሃ ያወራል። ዝም ስለማለት ብዙ ይላል። ስለ ብርቱካን አንድም ቃል የለውም። ይህ ደግሞ የባሰ አስጠረጠረኝ። የገዛ መጽሐፏ የማያውቀውን ነገር የምትሠራ ሴት ምን እየሠራች ነው?

ሊንዳን ጠየቅኋት። «ሆስፒታል ሃይማኖቷን ሲጠይቁኝ ሌላ ቃል አጥቼ ነው የጻፍኩት» አለችኝ። «ታኦይስት ነሽ ብላት ራሷ ምንድነው ትለኛለች። እሷ የምታውቀው ባይ ሳን ነው።» ማምለክ ማለት ነው ወይ አልኳት። ትንሽ አሰበችና፣ ለአዲስ ዓመት አጎቷ ቤት ሄዳ ጎንበስ ስትልም «ባይ» እንደሚባል፣ ለአምላኩ ሲሆንም ያው «ባይ» እንደሆነ ነገረችኝ። እኛ እጅ መንሳትና መስገድ ብለን የለየነው ነገር እነሱ ዘንድ አንድ ቃል ነው። ታዲያ ታምናለች ወይ አልኳት። «እንደሱ ብሎ የጠየቃት የለም» አለችኝ። «እኛ ቤት የሚጠየቀው ሻዩ ተቀድቷል ወይ፣ አልተቀዳም ወይ ነው።» እየሸወደችኝ መሰለኝ።

ነሐሴ ሲገባ ነገሩ ጠነከረ። በእነሱ አቆጣጠር ሙታን በሙሉ ለጉብኝት የሚለቀቁበት ወር ነው። ቤት ያለው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ማንም የማያበላው ግን በየመንገዱ ይዞራል። ለነዚህ ከወረቀት የተሠራ ልብስ ይቃጠልላቸዋል። አንድ ቀን ፖፖን ካልሲ ሳደርግላት ቀለበቴን ነካ አደረገችና በሊንዳ በኩል ጠየቀችኝ። ባልሽ ስሙ ማን ነው? መቼ ተወለደ? አሁን የት ነው ያለው?

እማማ፣ የእናቱን ስም ብቻ ነው ያልጠየቁኝ። በእኛ አገር ስም ከነእናት ስም የሚጠይቅ ማን እንደሆነ እርስዎ አይጠፋዎትም። የሰላሙን ስም ሰጥቼ ዕረፍቱን እንዲነሱት አልፈቀድኩም። የሕያው ሰው ስም ብሰጥ ደግሞ ክፉ ይደርስበታል። ስለዚህ ከደረሰበት የባሰ ሊደርስበት የማይችል ሰው ስም ፈለግሁ። አፌ ላይ የመጣው ራጉኤል ነው።

ይህን መስመር ደግመው ያንብቡት። እኔም ከጻፍኩት በኋላ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ።

ሊንዳ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈችው፤ ፖፖ ደግሞ ከሷ እያየች፣ ሥዕል እንደሚስል ልጅ ምላሷን አውጥታ በቢጫ ወረቀት ላይ ቀዳችው። አድራሻው አለችኝ። አላውቅም አልኩ። ሊንዳ ቀና ብላ አየችኝ። «እሑድ እሑድ መቃብሩ ጋ እሄዳለሁ ብለሽኝ አልነበር?» አለችኝ። እንግሊዝኛው እንዳልገባኝ ሆንኩ፤ ለዚህ ለዚህስ ጠቃሚ ቋንቋ ነው። ፖፖ አድራሻ ከሌለው ከመንገደኞቹ ጋር ይሆናል አለች። ምን ይጎድለዋል ብላ ጠየቀች። ሳላስበው «ኮት» አልኩ።

ያ የራጉኤል ግራጫ ኮት ዛሬም ከበሩ ጀርባ ምስማሩ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። መስከረም በጠባ ቁጥር ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ያኔ ሰላሙ ሳያገባኝ በፊት፣ ኮቱን ሲያራግፉ፣ «መንገድ የሚሄድ ሰው በኅዳር ብርድ ኮቱን ጥሎ ይሄዳል?» ብለው ጠየቁኝ። እንስራው ሙሉ ነበር። እኔ ግን ውሃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁ።

የሚቃጠልበት ቀን ደረሰ፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ። ጎረቤት ጭሱን እንዳይከስ ሊንዳ ከጓሮ አጥሩ ሥር ትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ አዘጋጀች። ፖፖን በወንበሯ እየገፋሁ አወጣኋት። ለመመስከር እንጂ ለመካፈል አልወጣሁም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሩዝ ቀረበ፣ ሻይ ተቀዳ፣ ብርቱካኑም አለ። ከዚያ ፖፖ ከኪሷ ሁለት ቀይ የእንጨት ቁራጮች አወጣች፤ እንደ ባቄላ ፍሬ የተቆለመሙ፣ አንድ ጎናቸው ልሙጥ፣ ሌላው እብጥ ያለ። አንዱ በልሙጡ፣ አንዱ በእብጡ ከወደቀ አዎ ማለት ነው። ሁለቱም እብጡ ወደ ላይ ከሆነ አይደለም ማለት ነው። ሁለቱም ልሙጡ ወደ ላይ ከሆነ እየሳቁብሽ ነው አለችኝ ሊንዳ። ጠጠር ጣይ ቤት የገባሁ መሰለኝ።

ፖፖ ስሙን እንደምንም ጠራችውና፣ «መጥተሃል ወይ?» ብላ ጣለች። አይደለም። ደገመች። አይደለም። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ አንድ ነገር ተናገረች። ሊንዳ ለመተርጎም አፈረች። «እማዬ ይሄ ሰው ያንቺ ባል አይደለም ትላለች» አለችኝ።

ስለ መቃብሩ ሊንዳ ነግራት ነው እንጂ እንጨት ምን ያውቃል አልኩ በልቤ። አሁንም እንደዚያው ነው የማስበው። ቢሆንም እዚያ ቆሜ መዋሸት አልቻልኩም። የባሌ ታላቅ ወንድም ነው አልኩ። እናቱ አለች ወይ ብላ ጠየቀች። አለች አልኩ። ታዲያ እናቱ ምን ታደርግለታለች? «በሩን ክፍት አድርጋ ታድራለች» አልኩ።

ፖፖ ተቆጣች። እንደ ቄስ አልነበረም የተናገረችኝ፤ ሰሐን ሳይታጠብ እንዳደረባት ሴት ነው። በእነሱ ሥርዓት እናት ለልጇ እጅ አትነሳም፤ ታናሽ ነው ለታላቅ የሚያደርገው። የእናቱ ሥራ አይደለም፣ ባልሽም ከሞተ ያንቺ ነው አለችኝ። «ያንቺን ሥራ አሮጊቷ ላይ ጥለሽ እዚህ ተቀምጠሻል?» አለችኝ። ሊንዳ ቃሉን አለስልሳ ነው የተረጎመችው፤ ያልለሰለሰው ግን ከፊቷ ገብቶኛል።

ከዚያ የወረቀቱን ኮት ከላስቲኩ አወጣችና ጭራሽ ልጇ ላይ ጮኸች። ርካሹን ገዝተሽ መጣሽ፣ ይሄ ኮት ቁልፍ የለውም፣ ደረቱን ብርድ ይመታዋል አለቻት። እስክሪብቶ አስመጣችና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሣለች። ከላይ፣ ከአንገቱ ሥር ያለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶውን ለኔ ሰጠችኝ።

ሣልኩት።

እንጨቱን እንደገና ጣለችው። አንዱ በልሙጡ፣ አንዱ በእብጡ። እንጨት ነው፤ ከወደቀ አንድ ነገር መሆኑ አይቀርም። ኮቱ እሳት ውስጥ ገባና እጅጌው ለአንድ አፍታ ተነስቶ ቆመ። ጎረቤት መስኮቱን በኃይል ዘጋ። ፖፖ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ፤ በላሁት። ብርቱካን ብርቱካን ነው የሚለው።

ኃጢአት ሠርቼ እንደሆነ የንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ። ስለ ወረቀቱ ብቻ ጠይቄ እንደማልወጣ ግን አውቃለሁ። እነዚያን ሰዎች መጠርጠሬን አልተውኩም። እርስዎንም ቢሆን እጠረጥራለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሩን ይህን ሁሉ ዓመት ክፍት አድርገው ያደሩት እሱ እንዲገባ ሳይሆን እኔ ገብቼ እንድናገር ይሆን ብዬ አስባለሁ። ስለ ቦርሳው የነገርኩዎት ቀን ልጅ ነበርኩ። እርስዎም ዓይን ዓይኔን ያዩኝ ነበር።

ፖፖ የጠየቀችኝን ስም ሰጠኋት። የኛ ካህን ግን በዓለም ስሙ አይቀበለኝም። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፈው ይላኩልኝ፤ ለፅጌረዳ አይንገሯት። ለምን እንደምፈልገው አይጠይቁኝ፣ እኔም ያለፈውን ጥያቄዎን ውሃ ልቅዳ ብዬ አልሸሽም።

ከፅጌረዳ ጋር ወደ አዲሱ ቤት ይሂዱ። ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ለጉልበትዎ ይከብዳል፤ ቀስ እያሉ ይውጡት። ግራጫውን ኮት ይዘው አይሂዱ። ለሰፈሩ ዘበኛ ይስጡት፣ ብርድ ላይ የሚያድር ሰው ነው። የዚያኛውን ቁልፍ እዚህ ሣልንለት፤ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። እርስዎም እንግዲህ በሩን ቆልፈው ይተኙ።

መጪው ዓመት ደረጃውን ያቅልልዎ፣ እንቅልፍዎን ይመልስልዎ። ጉልበትዎን የሚምር አምላክ እኔንም ይማረኝ። ፖፖም ደህና ናቸው፤ ቁልፎቹ የማይበጠሱ ናቸው ብለሽ ጻፊላት ብለውኛል።

የአጥር ማዶዋ ልጅ፣
ምራትዎ