በሲባጎ የተለካ ወጥ ቤት

ሸሕዲ፣ ጥር ፲፮ ቀን

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤

እንደምን ከርመሻል? ያ ወገብሽስ እንዴት ነው? ጎንበስ ስል ይዞኝ ይቀራል ብለሽኝ ነበር፤ እስካሁን ሻል ብሎሽ ይሆን? እኔ ከሙቀቱና ከቅናቴ በቀር ደህና ነኝ። ልጆቹም ደህና ናቸው፤ ረጅሟ አክስታችን መቼ ነው ከጎንደር የምትመጣው እያሉ ይጠይቁኛል። ስልኩ ኔትወርክ ካጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነውና ይህን ወረቀት ለሕክምና ወደ እናንተ ለምትወጣው ለጎረቤቴ ለአገኘሽ ሰጥቻታለሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምርልሽ። ደረበ ጎንደር ላይ ቤት እያሠራ መሆኑን ታውቂያለሽ። ለኪራይ ነው ብሎኛል። ዘንድሮ ሰሊጡ ስለቀናው የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥንና ላዩ ላይ የሚነጠፈውን የመሥሪያ ድንጋይ አንቺ ምረጪ፣ የሴት ዓይን ይሻላል አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ባሌ ምረጪ ሲለኝ የመጀመሪያው ነው። እኔ ዛሬም ድረስ ቆርቆሮ ማድቤት ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ለማላውቀው ተከራይ ልመርጥ እየተደሰትኩ ሄድኩልሽ።

የሄድኩት እዚሁ እኛ ዘንድ ያለው አናጢ ያረጋል ጋ ነው። እንጨቱ እዚህ ይሠራና ሰሊጥ በሚጭነው አይሱዙ ይወጣል፣ ድንጋዩ ጎንደር ይቆረጣል ተባለ። ያረጋል መጀመሪያ ኤምዲኤፍ የሚሉትን የተጨመቀ እንጨት አሳየኝ፤ ያብለጨልጫል። ጥግ ላይ ግን አንድ ምግብ ቤት የመለሰበት በር ተደግፎ ነበር፤ ውሃ ነክቶት እንደ ዳቦ አብጧል። እንግዲያው ዋንዛ ይሁን አልኩ። አንድ በአንድ እየዳሰስኩ መረጥኩ፣ ቋጠሮ ያለበትን መለስኩ። ድንጋዩን ደግሞ ጥቁር ግራናይት አልኩ።

ምሳ ላይ ለደረበ ብነግረው ፊቱን አጨማደደ። ጥቁር ድንጋይ የእጅ አሻራ ያወጣል፣ ግራጫው ይሻላል አለኝ። ሲኒ አጥቦ የማያውቅ ሰው! ይህን የእጅ አሻራ ቃል ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ከማን እንደሆነ ግን አልመጣልኝም።

በሳምንቱ ስመለስ የቁም ሣጥኑ ጎን ቆሟል። ጠጋ ብዬ ብቆም ከክርኔ በላይ ሆነብኝ። እዚህ ላይ ለመክተፍማ መሰላል ያስፈልገኛል ብዬ ስቀልድበት ያረጋል ግራ ገባው። አቶ ደረበ ያመጡልኝ ልክ የእርስዎ አይደለም እንዴ፣ እታለም? አለኝና ከምስማር ላይ ሲባጎ አውርዶ ሰጠኝ። ጆንያ የምንሰፋበት የራሳችን ሲባጎ ነው። ያረጋል ሁልጊዜ ከመሬት እስከ ባለቤቲቱ ክርን አስለክቶ ነው የሚሠራ። ለካሁት፤ ከእኔ በአንድ ጋት፣ አራት ጣት ሙሉ፣ ይበልጣል። እስቲ ንገሪኝ፣ ገና ላልመጣ ተከራይ ክርን ይለካል?

ታውቂኛለሽ፣ አልተቀመጥኩም። መጋዘኑ ውስጥ ሰሊጥ የምትመዘግበውን ሔለንን ጠረጠርኩና ቀሚስ ላሰፋልሽ ነው ብዬ ሲባጎውን አጠገቧ ዘረጋሁት። ከክርኗ በላይ አለፈ፤ የእሷም ልክ አይደለም። ምስኪኗ ልጅ አሁንም ቀሚሷን እየጠበቀች ነው።

ከዚያ ግቢያችን ያለውን የቁርቁራ ዛፍ ቀና ብዬ አየሁ። ልጆች ሳለን እኔ የማልደርስበትን ቅርንጫፍ ዝቅ አድርገሽ ትይዥልኝ የነበረውን አስታወስኩ። ቃሉም መጣልኝ። የእህትሽ ቤት የተመረቀ ቀን ወጥ ቤቷ ገብተን፣ በነጠላሽ ጫፍ እየወለወልሽ፣ ጥቁር ድንጋይ የእጅ አሻራ ያወጣል ያልሽው አንቺ ነሽ። ደረበ ከኋላችን ነበር፤ ከዚያው ሰምቶት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ክርን ግን በጆሮ አይሰማም።

ባልሽን ከፈታሽ ወዲህ ደረበን ብቻዋን ናት፣ ጎንደር ስትወጣ ጠይቃት፣ ማሩንም አድርስላት እያልኩ የምልከው እኔው ነበርኩ። አልዋሽሽም፣ ቀናሁ። ሲባጎው ከእግር እስከ ክርን ሲዘረጋ ማን ጎንበስ ብሎ ጫፉን እንደያዘ እያሰብኩ ሲባጎውን ስጠቀልልና ስፈታ አመሸሁ። ለእኔ እኮ ጫማ እንኳ በልክ ገዝቶልኝ አያውቅም።

ያረጋልን ያችን ጋት ቁረጥልኝ አልኩት። ቆረጠው። ለደረበም ተከራይ አያስፈልገንም፣ ልጆቹ ጎንደር ይማሩ፣ እኔው እገባበታለሁ አልኩት። ለማን ነበር ብዬ አልጠየቅኩትም። እሱም ለምን ሳይለኝ እጁን ታጥቦ ወጣ። ድንጋዩ ጥቁር ይሆናል። የማንም እጅ ቢያርፍበት ልየው።

ለፋሲካ አዲሱ ቤት ገብተን እንጠብቅሻለን። ሲባጎውን አብሬ ልኬልሻለሁ፤ ባዶ እግርሽን ቆመሽ እስከ ክርንሽ ለኪው። ካጠረሽ ወይም ከረዘመሽ በድዬሻለሁና እግርሽ ላይ ወድቄ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ልክሽ ከሆነም ነይ። ብቻ መሥሪያው ለአንቺ ዝቅ ይላል፤ ወገብሽን እንዳያምሽ ወጥ ቤት አትግቢ። እንደ እንግዳ ሳሎን ተቀመጪ፣ እኔ አቀርብልሻለሁ።

እግዚአብሔር ወገብሽን ይማርልሽ፤ ለሁላችንም የየቤታችንን ሰላም ይስጠን።

አጭሯ አብሮ አደግሽ