ለአረሜ ዘበኛ ስለቆመለት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሰብል ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤ እንደምን ሰንብተዋል? ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለወንበርዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኛ እንዳለን አለን። አረማችን ግን ከሁላችንም ይልቅ ደህና ነው፤ ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ውለታዎ ላመሰግንዎ ነው።

እኔ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ካሮት የማመርት ሴት ነኝ። ባለቤቴ ወገቡን ከታመመ ወዲህ ጎንበስ ብሎ ማረም ስላቃተው፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል በበርሜል ቀቅለን፣ አቀዝቅዘንና አጥልለን፣ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርገንበት፣ በካሮቱ መስመሮች መካከል የሚበቅለውን አረም መርጨት ጀመርን። ለጋው አረም ይጠወልጋል፤ ጠንከር ያለውን እኔ በእጄ እነቅላለሁ። ነገሩ ይኸው ነበር። ሌላውም ገበሬ ይጠቀምበት ብዬ፣ ደስ ብሎኝ፣ መጥቼ ለመሥሪያ ቤትዎ ነገርኩ። ከዚያ ወዲህ የተዋለልኝን ውለታ እነሆ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የፀረ አረም ክፍልዎ፣ ይህ ከቅጠል የተሠራ ስለሆነ የዕፅዋት ጉዳይ ነው ብሎ ወደ ዕፅዋት ክፍል መራን። የዕፅዋት ክፍልዎ ደግሞ፣ የተቀቀለ ነገር ዕፅዋት አይባልም፣ ሾርባ ነው ብሎ መለሰን። በርሜላችንን ይዘን የተመላለስንበት ኮሪደር እንደዚያ ሰሞን መልካም ሸትቶ አያውቅም፤ ጉንፋን የጠናባት ጸሐፊዎ እንኳ አፍንጫዋ ተከፍቶላት መረቀችን። ምርቃቷ በተሰማ ማግስት፣ ሰው የሚፈውስ ከሆነማ የጤና ቢሮ ይየው ተባለ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው። ጸሐፊዋን ግን አልተቀየምኳትም።

ሁለተኛ፤ የባሕር ዛፍ ውሃችን መሥራት አለመሥራቱን ሊያረጋግጥ የመጣው ባለሙያዎ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ለማነጻጸሪያ የማይረጭና የማይታረም ቦታ መተው እንዳለበት አስረዳኝ። ልክ ነው ብዬ አንድ መደብ ሰጠሁት። መመሪያዎ ግን ግማሹን ማሳ ወሰደ፤ ያውም ውሃ የሚያገኘውን ወገን። በሽቦም ታጠረ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እናንተ ግን አጥሬን ሳትነቀንቁ በማሳዬ ውስጥ የራሳችሁን አጥር ስለሠራችሁልኝ፣ አበው ያላሰቡትን ንቀት በማየቴ ዕድለኛ ነኝ። ቀጥሎም አረሙን መንካት በጥብቅ የተከለከለ ነው የሚል ሰሌዳ ተተከለ። ውስጥ የነበረው ካሮት ሰሌዳ ስላልነበረው ታንቆ ጠፋ።

ሦስተኛ፤ ዘበኛ ቆመ። ዘበኛው ትጉህ ሰው ነው። የተሰጠው ትእዛዝ በእንክብካቤ ጠብቅ የሚል ስለሆነ ጠዋት ጠዋት አረሙን ውሃ ያጠጣል። ለካሮቱም ጥቂት ያካፍልልኝ ዘንድ ብለምነው፣ እትዬ፣ እኔ የተቀጠርኩት ለአረሙ ነው አለኝ። አማቴ በአጥሩ ጥግ ሲያልፉ ምርኩዛቸው አንዷን አረም ቢሰብር፣ ቆመው ይቅርታ እንዲጠይቁ ተደረገ። ዕድሜ ልካቸውን አረም ሲነቅሉ የኖሩ ሴት፣ አረምን ይቅርታ መጠየቅ የጀመሩት በእርስዎ ዘመን ነው።

አራተኛው ውለታዎ ከሁሉም ይበልጣል። ከእንግዶችዎ ጋር የጎበኙን ዕለት ቀጥታ ወደ ታጠረው ወገን ሄዱ። ያ አረም ቅጠሉ ቁርጥ የካሮት ቅጠል ስለሆነ ማንም አይፈርድብዎትም። በውሃችን የተረጨው ካሮት እሱ መሰለዎትና፣ ካሮት ማለት እንዲህ ነው ብለው ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ንጹሑን ካሮቴን ደግሞ በማነጻጸሪያነት ተትቶ የመነመነ ነው ብለው አሳዩ። ባለሙያዎ የጫማውን ክር ይመለከት ጀመር። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ጭብጨባው ቀደመኝ። ይህ አረም ቆዳ ያሳክካል፤ እጅዎን እያከኩ ንግግርዎን ሳያቋርጡ መጨረስዎን ግን ከልቤ አድንቄያለሁ። በመጨረሻም አንዱን ነቅለው ሥሩን ቢያዩት ክር አህሎ ቀጥኗል። ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። እርስዎ ግን ገና አልደረሰም፣ እስኪደርስ ማንም እንዳይነካው ብለው አዘዙ።

ክቡር ሆይ፤ እዚህ ላይ ቀልዱን ላቁምና የልቤን ልናገር፤ ፈርቻለሁ። አረሙ አብቦ ጨርሶ አበባው መድረቅ ጀምሯል። ካሮት እስኪያፈራ ሲጠበቅ ዘሩን ሊያረግፍ ነው። ነፋስ ደግሞ ሽቦ አያግደውም፤ የተረፈኝን ግማሽ ማሳና የጎረቤቶቼን ሁሉ ያዳርሰዋል። የባሕር ዛፉ ውሃ ለጋውን እንጂ እንዲህ ተንከባክባችሁ ያጎለመሳችሁትን አይችለውም። ዘንድሮ የሚረግፈውን ዘር ባለቤቴ በዚያ በታመመ ወገቡ፣ ከእሱ በኋላም ልጃችን ስትነቅል ልትኖር ነው። ከዚህ ማሳ ሌላ መተዳደሪያ የለንም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባል አላጣሁትም፤ ዳሩ ግን የቸኮለው አረሙ ነው። ሳይረግፍ ልንቀለው። ጓንት አለኝ፣ ጎረቤቶቼም ሊያግዙኝ ተስማምተዋል፤ የጎደለን የእርስዎ አንድ ቃል ብቻ ነው።

መልካም ፈቃድዎን በመጠባበቅ፣ ዘበኛው በፈቀደልኝ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ቆሜ፣ አረሙን እንዳልረግጥ እየተጠነቀቅኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የግማሽ ማሳ ባለቤት የሆንኩት የካሮት ገበሬ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ለየትኛው ክፍል ይመራ ሲባል ሲሰነብት ዘሩ ረገፈ፤ ዝናብም መጣ፤ በአደባባይ ያወጣሁትም ስለዚህ ነው። ማሳችን አልቆለታል። ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ያየዋል። ነፋሱ መንገድ ተሻግሮ ኖሮ፣ አረሙ በጽሕፈት ቤትዎ ግቢ፣ ከደረጃው ጀምሮ ዙሪያውን በቅሏል። አትክልተኛዎ መኮትኮቻ ይዞ ሊነቅለው ሲል ያ ትጉህ ዘበኛ ደርሶ አስጣለው፤ በትእዛዝዎ መሠረትም ዋናውን በር ጨምሮ በሽቦ አጠረው። አሁን በመስኮት እንደሚገቡና እንደሚወጡ ሰምቻለሁ። አደራዎን፣ ሲዘሉ አይርገጡት፤ ገና አልደረሰም።